አተላውን አስቀሪ

ሳስካቱን በጥር፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ከዜሮ አርባ ወርዶ፣ አየሩ እንደ መስታወት፤
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ማሽን እጠብቃለሁ፣
ሠላሳ ሺህ ዙሩን ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።

«የጠራውን ድፊ፣ አተላውን አስቀሪ»
ብላኛለች ሲግሪድ፣ የላብራቶሪው መሪ።
(እርግጥ «አተላ» አላለችም፤ ቃሉን የጨመርኩት እኔው ነኝ፣
ከጋን ሥር የተረፈ ነገር ሁልጊዜ ስለሚታየኝ።)
ሳቄ መጣ ያኔ፦ ጠላውን ደፍቶ
አተላ ያስቀረ ማን አለ ተሰምቶ?

ቱቦው ግርጌ ላይ ናት፤ የጤፍ ቅንጣት ያህል፣
አለች ወይስ የለች፣ ዓይንን የምታታልል፤
ውስጧ ግን ቢሊዮኖች፣ ከሕዋስ የወጡ፣
በስብ የታሸጉ፣ ቃል ይዘው የመጡ።
ኤክሶሶም ይባላሉ። መጀመሪያ የታዩ ለታ
«ሕዋስ የጣለው ጥራጊ» ነው የተባለው ባንዳፍታ።
አይፈረድም፤
ሕዋስ ቤቷን ጠርጋ፣ ደጅ ጥላው ስትመለስ፣
ከጥራጊው ክምር ደብዳቤ ማን ያስስ?

ሰኞ ወተት ነው፤
ከሃምቦልት ከከብቶቹ ክሌመንስ ያመጣዋል፣
ጫማው ላይ እበት አለ፣ ጥበቃው ይቆጣዋል።
ማክሰኞ ዝንጅብል ነው፣ ከሱፐርማርኬት በኪሎ፣
ክፍሉ በሙሉ ይሸታል፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ቤት መስሎ።
ሐሙስ እትብት ይመጣል፤ ስም የለው፣ ቁጥር ነው፤
እናት ፈርማበታለች፣ ልጁ ግን አያውቀው።
«እትብትህ የት ተቀበረ?» ቢሉት አንድ ቀን ያንን ልጅ፦
ከዜሮ በታች ሰማንያ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከኔ እጅ።

የወተቷ፣ መድኃኒት አዝላ የጨጓራን አሲድ ታልፍ ይሆናል።
የዝንጅብሏ፣ የተቆጣ አንጀት ታበርድ ይሆናል።
የእትብቷ፣ እምቢ ያለ ቁስል እሺ ታሰኝ ይሆናል።
ይሆናል፤
እዚህ ቤት ከበረዶ ሣጥኑ ይልቅ
ለማንሳት የሚከብድ ቃል ይህ ነው።
በሳህን ታይቷል። በአይጥ ታይቷል።
ሰው ገና ነው።

ጎረቤቴ ኦሬስት በረዶ ጠራጊ ነው፣
የማዘጋጃ ቤቱን ትልቅ መኪና የሚነዳ፤
ጉልበቱ ካለቀ አራት ክረምት ሆነው።
ቅዳሜ አንኳኳ፣ እያነከሰ፣
የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይዞ፦
ከድንበር ማዶ ክሊኒክ፣ አንዷ ብልቃጥ ስድስት ሺህ ዶላር፣
ወረቀቱ ላይ አንዲት ሽማግሌ ሴት እየዘለለች።
«የራሴን መኪና ልሽጣት?
አንቺ አይደለሽ የምትሠሪው? ንገሪኝ፤ ያድናል?»

እኔ የማውቃት ቱቦ ግርጌ ያለችውን ናት፣ አልኩት።
እነሱ ብልቃጥ ውስጥ ያለውን እኔ አላውቅም፤
እነሱም ላያውቁት ይችላሉ።
«ታዲያ ያንቺው መቼ ነው?»

መቼ።
ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው።
ደግሜ ይሆናል ልለው አፈርኩ፤
ባዶ እጁን ልሸኘውም አፈርኩ፤
ከማክሰኞ የተረፈ፣ ያልተከተፈ ዝንጅብል ነበረኝ፣
ሰጠሁት።
«ይህስ ምን ያደርጋል?»
ሻይ ያደርጋል፣ አልኩት።
እስኪያስለው ሳቀ።

ማሽኑ ቆመ። ዐሥር ሰዓት ተኩል።
የጠራውን ደፋሁ።
በምድር ቤቱ ጠባብ መስኮት ቢጫ መብራት አለፈ፣
ኦሬስት ነው፤ በዚያው ጉልበቱ ፍሬን እየረገጠ፣
ከተማው ሳይነቃ ነጩን ክምር ወደ ዳር እየገፋ።
ብርሃኑ ሳያልፍብኝ ቱቦዋን ወደ መስኮቱ አነሳሁ፤
አለች።
ወይም የለችም።
ቀኑን ጻፍኩባት።