አሥራ ዘጠነኛው ሳህን

ማቶዚኞሽ ወደብ፣ ዓሣ ከሚጠበስበት መንገድ ዳር፣
ሦስት ጠረጴዛ ተገጥሞ አንድ ሆኖልን ነበር፤
የአንዱ እግር አጥሮ፣ በተነካ ቁጥር ይወዛወዛል፣
ወይኑ በየብርጭቆው ማዕበል የመጣ ይመስላል።

ዴኦሊንዳ ዛሬ ሰማንያ አራት ሞላት፤
አረንጓዴ ካፖርቷን በሰኔ ሙቀት ማን ያስወልቃት?
ትልቁ ልጇ አሚልካር መነጽሩን ጠርጎ
የምግብ ዝርዝሩን ያነባል፣ እንደ ውል አድርጎ።
ፋውስቱ ከሉክሰምበርግ ሁለት ቀን ነድቶ ደርሷል፤
ስለ መንገዱ ክፍያ ለሦስተኛ ጊዜ ያወሳል።
ግራሳ፣ የቀድሞ ሚስቴ፣
ጨው ስጠይቃት አቀበለችኝ፣ ሳታይ ወደ ፊቴ።

እኔ ከማዕዘኑ ነኝ፣ ከበሩ አጠገብ።
አማች እንዳልባል ተፋታሁ፣ እንግዳ እንዳልባል ወለድኩ፤
አሮጊቷ ራሷ ደውላ «ትመጣለህ» ስትለኝ፣ እሺ አልኩ።

ሰርዲኑ መጣ፣ ከሰል ላይ ተጠብሶ፣
ሻካራ ጨው ለብሶ።
እሷ ቀድማ ትቆጥራለች፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤
ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ አፍ መቼ ይረሳል?
ፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ በሌሊት ተነሥታ፣
አምስት ዓሣ በአንድ ቆርቆሮ፣ ጀርባ ለጀርባ አስተኝታ፤
ስድስት አይገባም፣ አራትም አይሆንም፣
አንዲት ዓሣ ያጎደለች ቅዳሜ ደመወዟ አይሞላም።
ይኸው ዛሬ በጣቷ እየላጠች፣ በዳቦ እያስደገፈች፣
አጥንቱን በሳህኗ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ደረደረች።

ኬኩ ሲመጣ ሌዎኖር፣ ልጄ፣ በጥድፊያ
አሃዞቹን አዟዙራ ሰካቻቸው፤ አርባ ስምንት ሆነ ሻማው።
ሳቁ ሲያባራ ልታስተካክል እጇን ሰደደች።
«ተይው» አለች አሮጊቷ፣ «ያ ዓመት መልካም ነበር፤
ጉልበቴም የራሴ ነበር፣ ጥርሴም የራሴ ነበር።»
የፋውስቱ ትንሹ ልጅ ሲማው «የኔም ወልቋል» ብሎ
ባዶውን ድድ አሳያት፣ ከንፈሩን በጣቱ ነጥሎ።

ከዚያ ሂሳብ። ጦርነቱ ተጀመረ፤
አሚልካር ካርዱን መዘዘ፣ ፋውስቱ ወንድሙን ገፈተረ፤
«ለገና አንተ ከፍለሃል!» «አንተ ደግሞ መንገደኛ!»
«ለእናቴ እራት የማልበቃ፣ እኔ ነኝ ወይ ችግረኛ?»
አስተናጋጁ ዜፌሪኖ፣ ክንዱ ላይ ጨርቅ አንጠልጥሎ፣
እስኪደክማቸው ጠበቀ፤ ከዚያ በቀስታ «ተከፍሏል» ብሎ፦
«ትናንት በአውቶቡስ መጥታ፣ ከቦርሳዋ ፖስታ አውጥታ፣
ነፋስ የማይደርስበት ቦታ መርጣ፣
ከፍላ ሄደች፤ በወይኑ ዋጋም ተከራክራን ረትታ።»
ጉሮሮውን ጠረገ። «ብቻ... የከፈሉት
የአሥራ ስምንት ሰው ነው። ሳህኑ አሥራ ዘጠኝ።»

ማንም ወደ እኔ አላየም። አለማየታቸው ተሰማኝ።
እጄ ኪሴ ገባ፤ አንገቴ ሥር ላብ፤
ትርፉ ሰው ማን ሊሆን፣ ከእኔ በቀር፣ ከበሩ አጠገብ?

ዜፌሪኖ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት ሳበ፤
የእጅ ጽሑፏ ነው፣ የሚያነክስ። አሚልካር እንደ ውል አነበበ፦
ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የአንዷ እጮኛ እንኳ አልቀረም፤
አሥራ አንደኛ፣ በግራሳና በሌዎኖር መካከል፣
ቫልዴማር።
አንድ ፊደል ገድፋለች፤ ቢሆንም እኔው ነኝ፣ ያለጥርጥር።

የጎደለው ስም አንድ ነው። ዴኦሊንዳ።
«እኔማ ቆጣሪዋ ነኝ» አለች ግር ብሏት፤ «ቆጣሪ መች ይቆጠራል?
ቆርቆሮ የሚሞላ እጅ ቆርቆሮው ውስጥ መች ይገባል?»

ወንድማማቾቹ ለአንዲቱ ሳህን ዳግም ሊነሡ ሲሉ
ሲማው ቀደማቸው፤ ለወለቀው ጥርሱ የተሰጠውን
ሁለት ዩሮ ከካልሲው አወጣ።
ዜፌሪኖ ተቀበለ፤ አገላብጦ አየው፤
«ልክ ነው፣ ጌታዬ» አለና ደረሰኝ ጻፈለት።

ስንወጣ ክንዴን ያዘች።
«ካፖርቷን ቆልፍላት፣ ነፋስ አለ» አለችኝ ግራሳ፤
በዚያ ምሽት የተናገረችኝ ይኸው ነው።
አራት ቁልፍ። አንዱ ክሩ ላልቷል።
ደጃፉ ላይ ቆመን፣ አንድ በአንድ ሲወጡ፣
የአሮጊቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።
«አሥራ ስምንት» አለች፤ «ሁሉም አለ፤ እንሂድ።»
ያረማት አልነበረም።