ሰባትና ሦስት

ሽምብጥ ነው መንደሩ፤ ነሐሴ ነው ወሩ፣
ጣና ሞልቶ መጥቷል እስከ ጓሮ አጥሩ።
የጥሩዘር ምጥ ጠና፤ መንገድ የለ በጭቃ፣
ባዝናን ጠርተን አመጣን ከእንቅልፏ ሳትነቃ።
እልል ባይዋ ደግሞ እኔ ነበርሁ ያኔ፤
ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት፣ ደንቡን አውቃለሁ እኔ።

ኩራዙን ነፋሱ እፍ አለው በድንገት፤
አዋላጇ ባዝና፣ በዚያ በጨለማ ቤት፣
እትብት ዳብሳ ኖሮ "ወንድ ነው" አለችኝ፣
ሰባቴ እልል አልሁ ጉሮሮዬን እስኪያመኝ።
ሁለተኛው ወጣ፤ "ይህችስ ሴት ናት" አለች፣
መንታ መቼም ይለያል ብላ እየገመተች።
ሦስቴ አልሁ፤ አለቀ። ክብሪት ተገኝቶ ስናይ፣
ሰባቱ ለእናንዬ፣
ሦስቱ ለአንለይ።

ባዝና "ዝም!" አለች። እኔም ዝም አልሁ።
እልልታም ከፈሰሰ አይታፈስ ብዬ ተውሁ።

እሱን በአርባ ቀኑ፣ እሷን በሰማንያ
ቄሱ አጠመቋቸው፤ ደንብ ነውና ያ።
የአርባ ቀን መንገድ ገባ በመካከል
በአንድ ማኅፀን ተቃቅፎ ለከረመ አካል።

አደጉ። እናንዬ ታንኳ መቅዘፍ ያዘች፣
ደንገሉን በጉልበቷ ረግጣ እያሰረች፤
ታፏጫለች፤ ከአምባዛ ጋር ትታገላለች፤
አባቷ ሲታመም ግን እግሩን የምታጥብ እሷው ነች።
አንለይ ጥልፍ ይጠልፋል፣ ክር ይመርጣል በጥላ፤
እህቱን የሰደበ ለት ግን አንድ ጎረምሳ በዱላ
ጥርሱን አራገፈው። ታዲያ ይህን የት ልመድበው?
በየትኛው እልልታ ነው የምጽፈው?

አለነ "ደም ነው" ይላል፤ "እናቴ የደራዋ
ጉማራን በጎርፍ ዋኝታ ነው የሄደች ወደ ባሏ።"
ጥሩዘር "ኧረ ወዲያ! መቅዘፊያ ያስያዝሃት አንተ ነህ፤
ወንዱን ሳል ሲያጣድፈው እኔ ጉያ ያስቀመጥህ።"
ይከራከራሉ። እኔ ሌሊት ሌሊት፣
ጣቴን አጥፌ እቆጥራለሁ፦ ሰባት። ሦስት። ሰባት።

ባለፈው ኅዳር፣ ወደ ዘጌ ስታሻግረኝ፣
መሐል ባሕር ላይ ነገርኋት ምስጢሩ ሲከብደኝ።
ሳቀች። መቅዘፊያውን አሳርፋ ጭኗ ላይ፣
"ዓባይ ጣናን ሰንጥቆ ሳይቀላቀል ያልፋል ይሉ የለም ወይ?
በይ እትዬ፣ ወንዙን ከሐይቁ ለይተሽ አሳዪኝ፤
ይኸው በእፍኜ ዘገንሁ፤ ስንቱ ጠብታ የማን ነው? ንገሪኝ።"
ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ደፍራሽ ውኃ ነበረ፣
የኔም ፊት ከላዩ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመረ።

ትናንት የአንለይ ሚስት ተገላገለች፤ ተጠራሁ።
"ምን እንደሆነ አትንገሩኝ" ብዬ ከደጅ ቆምሁ፣
ሳልቆጥር እልል ልል። ብዬ ነበር። ምላሴ ግን
ሦስት ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ልማድ ይዞት ይሁን፣
ሲፈጠርም እንዲህ ይሁን።
ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ አንድ ሰው እንዲናገር፤
ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ብቻ
ይሰማ ነበር።