ከአልጋ መውረድ

በሃመርፌስት ከተማ፣ በሰሜን ባሕር ዳር፣
ፀሐይ ኅዳር ጠልቃ እስከ ጥር በምትቀርበት አገር፣
ሃልቫርድ የሚሉት ሰው፣ በረዶ ጠራጊ፣
ነገሠ በአልጋው ላይ፣ ያለ ዘውድ፣ ያለ ፈላጊ።

ግዛቱ አንድ ፍራሽ፣ ድንበሩ ግድግዳ፤
ግብሩ ስድስት ያልተነሣ ጥሪ፣
ባለሟሉ ድካም፣ እንቅልፍ አማካሪ።

ሃያ ሁለት ክረምት በከባዱ መኪና
የሰውን ደጅ ሁሉ በሌሊት ሲከፍት የኖረው፣
ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት አራት እርምጃ አቃተው።

ስንፍና አይደለም። ሰነፍ ሲተኛ ይጣፍጠዋል።
ይህ እንቅልፍ እንደ እርጥብ አሸዋ ይከብዳል፤
ስትነቃ የባሰ ደክመሃል።

ሐዘንም አይደለም። ሐዘን እንኳ ለቅሶ ደራሽ አለው።
ይህ ሬሳ የለው፣ ቀብር የለው፣
አንድ ካልሲ ብቻ፣ ወለሉ ላይ፣ ሊያነሣው ያልቻለው።

በአሥረኛው ቀን ኦድቨይግ መጣች፣ የሥራ ባልደረባው፣
በትርፍ ቁልፍ ከፍታ። «ተነሥ» አላለችው፤
«አይዞህ» እንኳ አላለችው።
ቦት ጫማዋን አወለቀች፣
ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣
ከቴርሞሷ የዓሣ ሾርባ ቀዳች።
«መስመርህን ይዤልሃለሁ፤ የወደቡ ቁልቁለት ግን
እምቢ አለኝ፤ እንዴት ነው የምትይዘው መሪውን?»
አልመለሰም። ሾርባውን እስከ ግማሽ ጠጣው።
ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ለግድግዳው፦
«ወደ ግራ… ቀስ ብለሽ… ምላጩን ሳታወርጂው።»

ሐኪሟ ራግንሂልድ ወንበሯን አስጠጋች፦
«ክኒን አለ። ቶሎ አይደርስም፣ ሳምንታት ያስቆጥራል፣ አፍ ያደርቃል፤
ባይስማማህ ይለወጣል፤
በገዛ እጅህ ግን አታቋርጠው።
መብራት አለ፣ ጠዋት ጠዋት ፊትህን የምትሰጠው።
ማክሰኞ ማክሰኞ የምታወራው ሰው አለ፣
ቃል ባጣህ ቀን አብሮህ ዝም የሚል።
ሞት ያማረህ ሌሊት ግን ማክሰኞን አትጠብቅ። ደውል።»
እሱ የሰማው ግማሹን ነው።
«ቤትህ ደግሞ» አለች፣ «አንድ ሥራ ውሰድ፤ ትንሽ፣
የሚያሳፍር ያህል ትንሽ።»
«ካልሲ» አላት።
ሳትስቅ ጻፈችው፣ ከመድኃኒቱ ሥር፣ በዚያው ወረቀት።

ካልሲውን ያነሣ ዕለት ደወል አልተደወለም።
በማግስቱ ዳግም ነገሠ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አልወረደም።
ክኒኑን ግን ዋጠው። መብራቱን በሦስተኛው ቀን አበራው፤
ጠላው፤
አላጠፋውም።

በእኔ ቋንቋ ከአልጋ መውረድ የንጉሥ ውርደት ነው፤
የሚሻረው ሰው ፊቱን ይሸፍናል።
ሃልቫርድ ግን አንድ ማለዳ፣ ፀሐይ ገና ሳትመለስ፣
አልጋውን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ፤
እግሩን ወለሉ ላይ አሳረፈና
«ይቀዘቅዛል!» ብሎ ጮኸ።

ከስንት ወር በኋላ፣
አንድ ነገር ተሰማው።