ጉድለት

ከገፈርሳ ወዲህ፣ ከቡራዩ ጫፍ ላይ፣
የኖራ እቶን አለ፣ ከመንገድ የሚታይ።
የሚዛን ጸሐፊ ነበርኩ በዚያ ግቢ፤
ሥራዬ መመዝገብ፣ ወጪና ገቢ።

ድንጋዩ ከሙገር በሲኖትራክ ይመጣል፤
"መቶ ኩንታል" ብዬ እጽፋለሁ።
ሦስት ሌሊት እቶን ውስጥ ከርሞ ይወጣል፤
"ሃምሳ ስድስት" ብዬ እጽፋለሁ።
አርባ አራቱስ?

ጉርሜሳን ጠየቅሁት፣ የእቶኑን አንዳጅ፤
ቆሞ ነበር ያን ቀን ከቢሮዬ ደጅ፣
ቅንድቡ የነጣ፣ ጫማው በሽቦ ታስሮ።
ዝም ብሎ አየኝ፤ ደግሞ አየ ዞሮ
ወደ ጢሱ።
"ሄደ" አለኝ ቆይቶ፣ "ሄደ እኮ፣ በራሱ።"

ሳቅሁበት። ድንጋይ መቼ እግር አወጣ?
በጋሪ ተጭኖ፣ በጓሮ ሲወጣ፣
ከታ ገበያ ላይ ሲቸረቸር ታየኝ።
ቀይ እስክሪፕቶ አነሳሁ፤ ማንስ ሊያቆመኝ!
ከስሙ ትይዩ "ጉድለት" ብዬ ጻፍኩ፤
ሦስት ወር ሙሉ ከደሞዙ ቆረጥኩ።

በግንቦት ሲፈን መጣች፣
ከተመረቀች ዓመት ያልሞላት ኬሚስት።
መዝገቤን ገለበጠች፣ ቀዩን አየች፣
ጠመኔ አንስታ እቶኑ በር ላይ ጻፈች፦
ካልሲኔሽን።

"በአማርኛስ?" አልኳት። "ማቃጠል ነው?"
"ምኑ ነደደና? አመዱስ የታል?"
"ማቅለጥ?"
"የቀለጠ ይፈሳል፤ ይኼ እንደ ገባ ቅርጹን ይዞ ወጥቷል።"
"ማሳረር?"
"ያረረ ይጠቁራል፤ ይኼ ነጣ።"
"እንግዲያ ማጋል ነዋ!"
"ብረት ግሎ ሲበርድ ያው ብረት ነው።
ይኼ ቢበርድም የገባውን ድንጋይ አይሆንም።
ሰርጉ ቀለጠ በል፤ አንጀቴ አረረ በል፤
ይህን ቃል ግን ሙቀት በበዛ ቁጥር አታውጣው።
ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ድንጋዩ
ከጥንት ባሕር ጀምሮ አምቆ የያዘውን ትንፋሽ ይለቃል፤
ከመቶው አርባ አራት እጁ ትንፋሽ ነው።
ቃሉ የእሳቱ ስም አይደለም፤
የሚሄደው ነገር አካሄድ ነው።"

ጉርሜሳ አካፋውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።
"እኔስ ምን አልኩ?" አለ።
አማርኛ ለእሱ ከሰው የለመደው ነው፣ ለእኔ የእናቴ፤
በአፍ መፍቻዬ ያጣሁትን ቃል
እሱ በውሰት ቋንቋ ቀድሞ ሰጥቶኝ ነበር።
እውነት ከእሱ ቃል ውስጥ ሦስት ወር ሙሉ ኖራ፣
እኔ ያየሁት ግን ነጩን አቧራ።

ያን ማታ ጉርሜሳ ከባልዲው ውሃ
ትኩሱ ኖራ ላይ ጠብ አደረገ።
ያለ እሳት ፈላ፤ ተሰነጠቀ፤ እንፋሎቱ ተነሳ።
ዝም ብዬ አየሁት፤ ፊቴም እንደዚያው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡ ላይ አዲስ አምድ አሰመሩ፦
"በግለት የሄደ"።
ለተቆረጠው ብር ግን አምድ አልተገኘም።
የሁለት ወሩን ከኪሴ ከፈልኩት፤
የሦስተኛው ወር ዛሬም ዕዳ አለብኝ።
አሸዋ ሜዳ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ባገኘኝ ቁጥር
ባዶ መዳፉን ዘርግቶ እፍ ይልበታል።
"ሄደ" ይለኛል፣
"ሄደ እኮ፣ በራሱ።"