ጉድለትና ሙላት

ዘጠነኛው ፎቅ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ጃካርታ ተኝታ፣ እኔና መዝገቧ እንደ ባልና ሚስት
እንጨቃጨቃለን፤
አንዱ ሲያነሳ አንዱ ሲጥል፣
አንዱ ሲደብቅ አንዱ ሲምል።
ነገ ምክር ቤቱ በጀት ያጸድቃል፤
እስከዚያ ጉድለቱ በእርሳስ ይደፈናል።

በዚህ በኩል ገቢ፣ የቀትር ጥላ ነው፣ ከእግር ሥር አያልፍም፤
በዚያ በኩል ወጪ፣ የማታ ጥላ ነው፣ ጫፉ አይታይም።
ሰማይ ጠቀሱ ፎቅ ይግባኝ ብሏልና ግብሩን ያቆየዋል፤
ጀሪካን በጋሪ ገፍቶ ውሃ የሚቸረችረው ዛሬውኑ ይከፍላል።
ግብር እንደ ስሙ ነው፤
ከሚያበላው ይልቅ የሚበላው ብዙ ነው።

ትምህርት ቢሮ «ጣሪያው ያፈሳል» ይለኛል፤
የቆሻሻው መኪና ጎማ አጥቶ ቆሟል፤
አንድ የምክር ቤት አባል፣ ስማቸው ይቆየኝ፣
«በከተማዋ ልደት ርችት ካልተተኮሰ ምን ክብር አለን?» እያሉ
ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ።

ከክምሩ ሥር ግን አንድ ወረቀት ወጣ፣
ዳሩ ረጥቦ የደረቀ፣ ሽታው ናፍጣ ናፍጣ።
ከሰሜን ዳርቻ፣ ከባሕሩ ግድግዳ
ፓክ ዋርሲዶ ጽፎታል፣ የፓምፑ ጠባቂ፤
ሰላምታ የለውም፣ እንደ ቸኮለ እንግዳ፦

«ሦስተኛዋ ፓምፕ ካቆመች ዓመት አለፋት።
ሁለተኛዋ ስታስል ታድራለች፤ እኔም አብሬያት።
ናፍጣው እስከ ሐሙስ ይዘልቃል፤
ጨረቃ የምትሞላው ዓርብ ነው፤ ባሕሩም ይህን ያውቃል።
እናንተ እዚያ ላይ ‹ጉድለት› ትጽፋላችሁ፣
እኔ እዚህ ታች ‹ሙላት› እጽፋለሁ፤
አንድ ነገር አይደል? ምን ትላላችሁ?»

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።
ርችቱን ከሠንጠረዡ ላይ ሰረዝኩት።
ከአርዕስት ወደ አርዕስት ያለ ፊርማ ማዛወር ደንቡ ይከለክላል፤
ባሕር ግን ደንብ አንብቦ አያውቅም፤ ያለ ፊርማ ያልፋል።

ጀግና እንዳትሉኝ ግን።
እኔ ሱላስትሪ፣ የበጀት ባለሙያ፣ የሁለት ልጆች እናት፣
ቤቴ እዚያው ሰሜን ነው፤
ወደ በሬ የምወጣባቸው ሁለት ደረጃዎች ነበሩት፤
ዛሬ እወርድባቸዋለሁ።
ልጄ ቁመቱን በመቃኑ ላይ በእርሳስ ሲያሰምር፣
እሱ ወደ ላይ ሲረዝም፣ ቤቱ ወደ ታች ሲያጥር
እያየሁ ዝም እላለሁ።

የከተማው ቧንቧ እኛ ሰፈር አልደረሰ፤
ዕቅዱን የምጽፈው እኔ፣ የምሰርዘው እኔ፤
ስንት ጊዜ ተሠራ፣ ስንት ጊዜ ፈረሰ።
ስለዚህ ጓሮዬ ጉድጓድ አለኝ፣ ጥልቅ፤
ቆጣሪ የለውም፣ ገቢዎችም አያውቅ።
እኔ ስስብ መሬቱ ይሰምጣል፤
ጎረቤቴ ይስባል፣ ሆቴሉ ይስባል፣
ፋብሪካው ከሁላችን በላይ ይስባል፤
ጣት በጣት ከተማው ቁልቁል ይሄዳል።
«ባሕሩ መጣብን» እንላለን።
ባሕሩ ባለበት ቆሟል፤
እኛ ነን የወረድንለት።

ጠዋት በጀቱ ጸደቀ፤ ጭብጨባ ሆነ፤
ርችቱ ተመለሰ፣ ናፍጣው ግማሽ ሆነ፤
ግማሹ እስከ ቅዳሜ ንጋት ነው።
የቀረው ጉድለት ወደ መጪው ዓመት ታዝሎ ሄደ፣
አባቱ እንዳልታወቀ ልጅ፣ ማንም ስሙን ሳይጠራው።

ዓርብ ማታ።
በደቡብ ሰማይ ቀይና ወርቅማ ይፈነዳል፣
ልጆቼ አጥር ላይ ተንጠላጥለው ይቆጥራሉ፤
በሰሜን፣ ከግድግዳው ሥር፣
የሁለተኛዋ ፓምፕ ሳል ይሰማኛል።
ኡህ። ኡህ። ዝም።
ትንፋሼን ያዝኩ።
ኡህ።

የሚታጠብ ዕቃ አለ፤ የሚታጠብ ልጅ አለ።
የጉድጓዱን ማብሪያ ተጫንኩ።
ባልዲው ሞላ።
መዝገብ ላይ አልጻፍኩትም።