ለባለቤቱ ይድረስ

እኔ መጥሪያ አድራሽ ነኝ፣ በኡደቫላ ችሎት፣
ሥራዬ ወረቀት፣ ሥራዬ ማንኳኳት።
በር አንኳኳለሁ፣ ስም እጠራለሁ፣
ፈርመህ ተቀበል ብዬ እመለሳለሁ።
ሃያ ዓመት ሙሉ በር አጥቼ አላውቅም፤
ዘንድሮ ግን ይኸው፣ የሚከፍት የለም።

ከስሞገን ወደብ ፊት፣ ከደሴቶቹ ማዶ
አንዲት መርከብ ተኝታለች፣ ወገቧ ተናዶ።
ዶሮቴያ ትባላለች። በሃምሳ አንድ፣ በኅዳር፣
ጭጋግ ውስጥ ከቋጥኝ ተላትማ ስትሰበር
ሰዎቿን አወጡ፣ ደወሏን አወጡ፣
ሆዷ ያለውን ግን ለባሕሩ ሰጡ።
ስምንት መቶ ቶን ዘይት ቆልፋ በጓዳ
ሰባ ዓመት ተኛች፤ ዝገት ወለደ እዳ።

ከሳሿ አልፍሂልድ፣ የስልሳ ዓመት ሴት፣
የሚበላ ዛጎል በገመድ አርቢ ናት።
ባለፈው ጥቅምት ላይ ገመዱን ስትስበው
ዛጎሉ አፉን ከፍቷል፤ ናፍጣ ነው የዋጠው።
አልጮኸችም። አንዱን በጠርሙስ አድርጋ
ዳኛዋ ፊት አኖረች፣ ክዳኑን ሳትዘጋ።
ችሎቱ በሙሉ አፍንጫውን ያዘ።

"ባለቤቷ ይቅረብ!" አለች ዳኛ ሄግስትራንድ፤
እኔም ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ ወደ መንገድ።

ሀምቡርግ ሄድኩ። ኩባንያው ተሽጧል ለሌላ፤
ሌላውም ከስሮ ተበትኗል ኋላ።
ሮተርዳም ሄድኩ። የመድን ድርጅቱ ጸሐፊ
"የእኛ ውል" አለኝ፣ "ለተንሳፋፊ።"
ፒሬዎስ ሄድኩ፣ ባንዲራዋን ፍለጋ፤
አንድ ሽማግሌ ሳቀ፦ "ወዳጄ፣ ይርጋ!"
ይርጋ አሉኝ በየደጁ፣ ጊዜው አልፏል፣ ተዘጋ፤
ሕጉስ ይርጋ ይበል፣ ዘይቱ መቼ ረጋ?

ይህ ሁሉ ክርክር ስለ ውሃ ሲነሣ
አንድ ቃል አልሰማሁ ውሃ የሚያነሣ።
ባለቤቱ እንደሆን የውሃ ሽታ ሆኗል፤
የውሃውስ ሽታ? ስሞገን ያውቀዋል።

መንግሥት "የግል ናት" ይላል፤ የግሉ "የመንግሥት"፤
ማዘጋጃ ቤቱም "ከእኛ ወሰን ውጪ ናት፣
ሦስት መቶ ክንድ ትርቃለች።" ወሰኑን ዘይቱ
መቼ አነበበው? ካርታ የለው ቤቱ።
ሰው "እዳ ከሜዳ" ይላል፤ ይህ ግን ከባሕር ነው፣
ያልበላችውን ነው አልፍሂልድ የምትከፍለው።

ድሮ በአያቶቼ ደንብ፣ ሙግት ሲጀመር፣
ከሳሽና ተከሳሽ ቆራኛ ነበር፤
በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ አንድ መንገድ ሲሄዱ፣
አንድ ደጅ ሲያድሩ፣ እስኪለይ ፍርዱ።
ሳስበው ሳስበው አልፍሂልድም ያው ናት፣
የዛጎሏ ገመድ ነጠላ ሆነባት፤
አንዱ ጫፍ በእጇ፣ አንዱ ጫፍ ከታች፣
ከማትናገር ጋር፣ ከማትፈርም ጋር ታሰረች።

ተመልሼ ሳቀርብ ያልተፈረመ ወረቀት
ዳኛዋ መነጽሯን ጠረገች ለረጅም ሰዓት።
"እንግዲህ ሕጉ ያለው" አለች፣ "በሩ ላይ ይለጠፍ።"
የቱ በር? ሰባ ሜትር ታች፣ ዓሣ የሚያልፍበት ደጃፍ?
አልጠየቅኳትም። እሷም ታውቃለች።

ወደቡ ላይ፣ ጀልባ ከሚታሰርበት ምሰሶ
በአራት ሚስማር መታሁት፣ ንፋሱ በርትቶ ብሶ።
አልፍሂልድ ቆማ አነበበች፣ ባዶ ባልዲ ይዛ፤
"ለዶሮቴያ ባለቤት..." ዝናቡም መጣ፣ በዛ።
ቀለሙ ሟሟ፤ መጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ ማኅተሙ፣
ወደ ባሕሩ ወረደ፣ ጥቁር ሆኖ ስሙ።

"እንግዲህ ደረሰው" አለች፣ ሳትስቅ፣ ሳትቆጣ።
ቀጠሮው ማክሰኞ ነው፣ በሦስት ሰዓት። ማን ሊመጣ?