ባለ አምስት ኪስ ኮት

ኮቴን የሰፋው አይቸው ነው፣ ሽምብጥ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
አምስት ኪስ ያወጣለት፣ ለየዕቃው አንዳንድ በር።
አንዱ ለሒሳብ ማሽን፣ አንዱ ለዕዳ ደብተር፣
አንዱ ለትንሿ ሬዲዮ፣ አንዱ ለእስክሪብቶ ነበር፤
አምስተኛው፣ የግራው፣ በልብ በኩል ያለው፣
ለዚያች ለአሮጌ ስልኬ፣ የቁልፏ ፊደል ለጠፋው።

መዝጋቢ ነኝ፣ የዓሣ ማኅበሩ፣ ከወደቡ ዳር፣
ጎሕ ሳይቀድ የምቆም፣ ሚዛን ተደግፌ፣ ከነፋስ ጋር።
ቆሮሶ ስንት ኪሎ፣ አምባዛ ስንት ኪሎ፣
ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ማን ሄደ "ነገ" ብሎ።

በሐምሌ የእህቴ ልጅ፣ ምንይችል፣ ከፖሊ መጣና፣
"አጎቴ" አለኝ፣ "ኪስህ እንደ ነጋዴ በቅሎ ተጭኗልና፣
ይኸው፣ ራሴ የገጣጠምሁት።" ዘረጋልኝ መዳፉን።
የመነጽር ማኅደር የሚያህል፤ ሲነካው እንደ ቆሮሶ ከፈተ አፉን።
"ኮምፒውተር ነው።" ከላይ መስታወት፣ ከታች ፊደል እንደ ገብስ፣
ጣቴ አንዱን ስትሻ ሦስቱን የምትደቁስ።
"ሲም ካርድም ይጎርሳል፤ ስልክህን ጡረታ አውጣት፣
ደብተር እሱ፣ ማሽን እሱ፣ ሬዲዮ እሱ፤ ሁሉም በአንድ አንጀት።"
"ምን ይችል?" ብለን ስም አውጥተን፣
ይኸው የማይችለውን አጣን።

አራት ኪስ ባዶ ቀረ። ወገቤ ሚዛኑን ስቶ፣
ለሳምንት አጋድዬ ሄድሁ፣ ትከሻዬ የጥንት ሸክሙን ፈልጎ አጥቶ።
አይቸው ግን ተቀየመ። "በል አራቱን ልድፈናቸው" አለኝ፣
"ክፍት ኪስ አፍ ነው፣ ይርበዋል።" ሣቅሁ፤ ቃሉ ግን ቤቴ ድረስ ሸኘኝ።

ስልክ ሲጮህ ነው ጉዱ። እናኑ "ጋዝ አልቋል" ስትል፣
እኔ ያን ታጣፊ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ወዲያ ወዲህ ስል፣
"መጽሐፍ በጆሮ ይነበባል?" አለ ይመር፣ መረቡን እያራገፈ።
ጨርሼ ባየው፣ ጉንጬ የራሱን ሒሳብ ጻፈ፦
ለይመር ዘጠኝ መቶ ኪሎ አምባዛ፣ ያውም በአንድ ሌሊት!
ዘጠናም አትችል ታንኳው፣ ውኃ የጠጣች የደንገል አሮጊት።

ጥቅምት ሲገባ፣ አንድ ንጋት፣ መብራት ጠፍቶ ከወደቡ፣
ጭጋግ ውኃውን ውጦት፣ ክብራንና እንጦስ እንጃ የት እንደገቡ፣
ከዚያ ውስጥ ድምፅ መጣ፦
"ኧረ የሰው ያለህ! ዳሩ በየት በኩል ነው?"
ይመር ነው።
ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኬን አውጥቼ ሦስቴ ብልጭ፣ በቃ፤
ግንባሯ ላይ አንዲት ዓይን ነበረቻት፣ ለኛ የምትነቃ።
እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ልብ ኪስ፣
ጨርቅ ብቻ ዳብሶ ሊመለስ።

ያን ታጣፊ ከፈትሁት። መብራት የለው፤ ምንይችል ረስቶ።
የዕዳው ገጽ ወጣ፣ በስምና በቁጥር ጠቁሮ፣ ሞጭሙጮ።
የትናንቱን ገለበጥሁ። የዛሬውንም።
ነገ ላይ ደረስሁ፤
ማንም ያልተበደረበት፣ ማንም ያልከፈለበት፣ ነጭ።
ከራሴ በላይ አነሣሁት፣ ፊቱን ወደ ጭጋጉ አድርጌ።
ባዶ ገጽ እንዲህ ያበራል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።
ክንዴ ዝሎ እስኪንቀጠቀጥ ቆምሁ፣
የቀዘፋው ድምፅ ጠብ... ጠብ... እያለ
ወደ ነገ ሲጠጋ እየሰማሁ።

ታንኳው ጭቃውን ነካ። "ምንድን ነው ያበራህልኝ?"
"ዕዳህ የሌለበት ገጽ።"
"ታዲያ ምናለ እንዳለ ብትተውልኝ!"
አራት ኪሎ አምባዛ ነበረው። ዛሬ ላይ ጻፍሁለት።
ነገን አልነካሁበት።

ቅዳሜ አይቸው ዘንድ ሄድሁ። ሦስቱን ኪስ ደፈነ ዝም ብሎ፣
ከግራው ደርሶ ቆመ፣ መርፌውን በከንፈሩ አንጠልጥሎ።
"ይችንስ?"
"ተዋት" አልሁት፣ "አሮጊቷን ከመሳቢያ ላወጣት ነው።"
"ለወሬ?"
"ወሬውን ያኛው ይችላል። ለዓይኗ ነው።"